አባቴ አማች ቤት ላለማደር የገዛው ተሳቢ

ሰው ካራቫን፣ ያን በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ገዛሁ ብሎ ሲደሰት «እንኳን ደስ አለህ» ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። በቅርቡ ማዶ ያለው ጎረቤታችን አንዱን ገዝቶ በሩ ላይ ገተረው። ነጭ፣ ረጅም፣ አንገቱን ወደፊት ያሰገገ ነው። ከመኪናው ጅራት ላይ ታስሮ የሚጎተተው ዓይነት ሳይሆን አንገቱን ፒካፑ ካሶኒ ላይ ጭኖ የሚሄደው፣ ፈረንጆቹ ፊፍዝ ዊል የሚሉት ነው። ሰውዬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እንዴት አየሽው?» ሲለኝ እኔ የማየው የመኪናውን ካሶኒ ነበር። አጭር ነው። «ስታዞር ተጠንቀቅ» ብዬው ገባሁ። ባለቤቴ ከድር «ምነው ሰውን እንዲህ ታስደነግጪዋለሽ?» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል! እኔ በዚህ ነገር ቆሽቴ ያረረው ገና በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሴንት አልባንስ በሚባል የከተማው ምዕራብ ዳር ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጣሪያዋ ቀይ ሸክላ በሆነች ቤት። አባቴ ሰይድ በሳምንቱ ቀናት ሰንሻይን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰው ግቢ ሣር ያጭዳል። ፒካፑን የገዛው ለዚህ ነው። እስካሁን ድረስ አዲስ የታጨደ ሣርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ሲሸተኝ አባቴ ከሥራ ገብቶ የሚያቅፈኝ ይመስለኛል። መኪናዋ ጋቢናዋ ውስጥ ሁለት ረድፍ ወንበር ስለነበራት ሁላችንንም ትይዛለች፤ ለኋለኛው ወንበር የተሰጠው ቦታ ግን ከካሶኒዋ ላይ የተቀነሰ ነው። ሣር ማጨጃዋ ከገባች ሌላ ነገር አይገባም። ይህችን አጭር ካሶኒ ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ታላቅ እህቴ ዘሀራ ካገባች ዓመት አልፏት ነበር። ባሏ አንዋር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቁጥብ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ፣ ትልቅ ሰው ፊት ድምፁ የማይሰማ። የሚኖሩት ከተማው ማዶ ዳንዴኖንግ ነው። አባቴ ደግሞ ደሴ ዙሪያ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና ከአገሩ ይዞት የመጣው አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበረው፤ የሴት ልጅ አባት አማቹ ቤት አያድርም፣ እህልም አይቀምስም። ያደረ እንደሆነ ዓይነ ደረቅ ነው፣ ልጁን የዳረው ሊጦርባት ነው ይባላል። የወሎ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ጎረቤታችን ጋሼ ይማም፣ እሳቸውም የዚያው አገር ሰው፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ቤት እየተፈራረቁ ነበር የሚከርሙት፤ ያውም ምግብ እያማረጡ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው» ይለኛል። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ዘሀራን ልንጠይቅ ስንሄድ ታዲያ ትርኢት ነበር። ከተማውን ሙሉ አቋርጠን እንደርሳለን። አባቴ መኪናውን ሳያጠፋ ይወርዳል፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቆማል። «ደህና ናችሁ? ጤና ነው? አልሐምዱሊላህ።» ፌስታሉን ለአንዋር ያቀብላል። አንዋር «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ሻይ እንኳ» እያለ ይለማመጣል። «ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻ አላህ» ይልና ይመለሳል። እኔና እማ ገብተን ቁጭ ብለን እስክንወጣ ድረስ እሱ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣል። ዘሀራ በመስኮት እያየችው ለእንግዳ ያቀረበችው ሳምቡሳ ይቀዘቅዛል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ አባት እያዩ ሳምቡሳ መብላት እንዴት እንደሚያስጠላ ያየ ነው የሚያውቀው።

ዘሀራ ግን የአባቴን ሕግ አላመነችም። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ለእማ ስታለቅስ ሰማኋት። «አንዋርን ስላልወደደው ነው። ባይወደው ነው እንጂ የገዛ ልጁ ቤት ውሃ ሳይቀምስ የሚመለስ አባት የት አለ? አንዋርም ገብቶታል፤ ዝም ያለው እኔ እንዳይከፋኝ ነው።» እማ ማታ ይህን ስትነግረው አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንዋርን? ወርቅ የሆነ ልጅ! ወርቅ ስለሆነ እኮ ነው የማላስቸግረው!» አለ። በቃ፣ ለእሱ ነገሩ አለቀ። ሄዶ ለራሷ እንዲነግራት ብንለው «ምኑ ይነገራል? ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ወይ አለማወቅ! የገዛ ልጁ አላወቀችውም እኮ!

ከዚያ ዘሀራ አረገዘች። እማ ገና በስድስተኛው ወር አወጀች፤ ልጄ ስትወልድ አርባ ቀን እሷ ዘንድ ሆኜ አርሳታለሁ፣ ሰሚራንም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት እሄዳለሁ አለች። ሰሚራ እኔ ነኝ። አባቴ ራሱን ያዘ። «ሚስቴና ልጄ አርባ ቀን ሙሉ የአማቼን እንጀራ ሊበሉ? እኔስ? ሰው ምን ይላል?» እማም «ሰው የሚለውን ይበል፣ አራስ ልጄን ለሰው ወሬ ብዬ አልተውም» አለች። ሦስት ሳምንት ያህል በዚህ ተነታረኩ። በመጨረሻ አባቴ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። መፍትሔ አግኝቻለሁ አለ። ቤታችንን ጎትተን ደጃቸው ላይ እናቆማለን፤ እናንተ ቀን ቀን አራሷን ትንከባከባላችሁ፣ ማታ የራሳችን ቤት እናድራለን፣ የራሳችንን እንበላለን። «አንተ ሰውዬ፣ በር አንኳኩቶ ከመግባት ቤት ጎትቶ መሄድ ቀለለህ?» አለችው እማ።

ቀለለው! የአማካሪው ደግሞ ባሰ። ጋሼ ይማም በደጉ ዘመን የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ ተሳቢ ሲባል በሠፈራችን ከእሳቸው በላይ ተናጋሪ የለም። «ጅራት ላይ የሚታሰረውን እንዳትገዛ» አሉት። «እሱ ንፋስ ሲመጣ ይዋልላል። አንገቱን ጀርባ ላይ የሚጭነው ነው ተሳቢ ማለት። እኔ ዕድሜዬን የጎተትኩት እሱን ነው።» አባቴም እሳቸውንና እኔን ይዞ ሜልተን አካባቢ የሚሸጥ አለ ወደተባለበት ሄደ። እኔን የወሰደኝ ለማስተርጎም ነው።

ሻጩ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ተሳቢውን አሳየን፣ ጋዙን ለኮሰልን፣ አልጋውን ዘረጋልን። ከዚያ የእኛን ፒካፕ አየና ጢሙን አሻሸ። ካሶኒያችሁ አጭር ነው አለ። መንገድ ላይ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ችግር የለውም፤ ነገር ግን አጥፋችሁ ካዞራችሁት፣ በተለይ ወደኋላ ስትሄዱ፣ የተሳቢው የፊት ጥግ መጥቶ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይሰብራል። ተሳቢው የሚያርፍበትን ብረት ወደኋላ የሚያንሸራትት ዕቃ አለ፣ እሱን አስገጥሙ፤ ካልሆነ በጠባቡ እንዳታጥፉ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አባቴ ወደ ጋሼ ይማም ዞረ። ጋሼ ይማም ሳቁ። «የአሰብን ዳገትና ቁልቁለት ስወጣ ስወርድ ኖሬ መስታወት የሚሰብር ተሳቢ አይቼ አላውቅም። ይሄ ሌላ ዕቃ ሊሸጥልህ ነው።» የጭነት መኪና ጀርባ ራሱን የቻለ ሜዳ መሆኑን፣ የእኛ ፒካፕ ጀርባ ደግሞ የሣር ማጨጃ ጉሮኖ መሆኑን ማን ይንገራቸው? እኔ ነገርኳቸው። ስናደድ በእንግሊዝኛ ነበር የምጮኸው፤ ያን ቀን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮህኩ። «ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ አይገባም» አለኝ አባቴ። ሲያስተረጉመኝ ትልቅ፣ ስናገር ልጅ!

እውነት ለመናገር ግን ተሳቢው ያለዚያ ዕቃ ተገዝቶ ደጃችን ላይ ቆሞ በከረመባቸው ሳምንታት ከእሱ የተሻለ መጫወቻ አልነበረኝም። ውስጡ አሮጌ ምንጣፍና የልብስ ሳሙና ይሸታል። መሳቢያዎቹ መንገድ ላይ እንዳይከፈቱ ጠቅ ብለው ይቆለፋሉ፤ ያን ድምፅ ስወደው! የጎረቤት ልጆች፣ የማልታውና የቬትናሙ ልጅ፣ ይመጡና ድብብቆሽ እንጫወታለን። ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ባለችው ከፍ ያለች መኝታ ላይ። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ላይ እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ ነበር፤ እማ በመስኮት ዳቦ ታቀብለኛለች። እንዲያውም አንዳንዴ ዘሀራ ሳትወልድ ትቆይ ነበር የምለው።

ወለደች፣ ወንድ። ከሆስፒታል ስልክ ሲደወል እማ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የማልታዋ ጎረቤታችን ሰው የሞተ መስሏት በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ዘሀራ በዚያው ስልክ ላይ የነገረችውን እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። «አባ፣ ስሙን አንተ ነህ የምታወጣው። ግን በር ላይ ቆመህ አይደለም። ገብተህ፣ ተቀምጠህ፣ አንዋር ያቀረበልህን በልተህ። ይህን ካላደረግክልኝ እንደማትወደን አውቃለሁ፣ ሁለተኛም አልለምንህም።» አባቴ «እንመጣለን፣ ቤታችንን ይዘን እንመጣለን» አላት። እኔ በዚያች ደቂቃ ስልኩን ነጥቄው ብጮህ ደስ ባለኝ ነበር።

ዘሀራ ከሆስፒታል በወጣች ማግሥት ጉዞ ጀመርን። እማ የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ አብሹን፣ ማሩን ጫነች፤ ተሳቢው በሙሉ አብሽ አብሽ ሸተተ። ጋሼ ይማም «ያለ እኔ እንዳትንቀሳቀስ» ብለው ፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። እማና እኔ ከኋላ ነን፤ መስታወቱ ጀርባችን ላይ ነው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያ የተሳቢው ነጭ ግንባር ተደቅኗል። አባቴ አፉን አይክፈት እንጂ ሻጩ ያለው ነገር ሆዱ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ፣ ጠበብ ያለ መታጠፊያ ባየ ቁጥር አልታጠፍም እያለ ያልፋል። ቤንዚን ማደያ አለፍን። ሁለተኛውንም አለፍን። መውጫችንን አልፈን ሌላ ሠፈር ገባን፣ ከዚያ ዞረን ለመመለስ ሰፊ መንገድ ስንፈልግ ከየት ተነስተን የት እንደምንሄድ ጠፋን። ዌስት ጌት ድልድይ ላይ ንፋሱ ሲገፋን ጋሼ ይማም «አይዞህ፣ ይሄ ምን ንፋስ ነው!» እያሉ እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እማ ቅቤውን ታቅፋ «በዚህ አካሄድ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከደረስን ጥሩ ነው» አለች።

ዳንዴኖንግ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የዘሀራ ቤት ያለበት መንገድ አጭርና ጠባብ ነው፣ መጨረሻው ዝግ። እማ ገና ሳንቆም በሩን ከፍታ ቅቤዋን ይዛ ሮጠች። እኔም ወረድኩ። አንዋር በሸበጥ ወጥቶ ሊሳለም መጣ፤ አባቴ ግን መጀመሪያ ማቆም ነበረበት። ጋሼ ይማም ወረዱና እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ይህን ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነበር የሚመስለው። «ና! ና! ና! ግራ ስበር!»

ተሳቢው በቀኝ ሲሄድ መኪናው በግራ ታጠፈ። ጥጉ ወደ ጋቢናው መስታወት ሲቀርብ አየሁት። «አባ፣ መስታወቱ! መስታወቱ!» ብዬ ጮህኩ። «ዞር በይ አንቺ ልጅ!» አሉኝ ጋሼ ይማም። አንዋርን እጁን ይዤ ጎተትኩት። እሱም አይቶታል፤ ዓይኑ ፈጦ ነበር። ግን አስቡት፣ አንደኛው አማቱ ነው፣ ሌላው ሽበታም ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ እያዘዘ፣ አማት እየነዳ፣ እሱ እንዴት ብሎ ይጩህ? እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ... ይቅርታ... ምናልባት ትንሽ...» አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። አባቴ በስፖኪዮ የሚያየው ጋሼ ይማምን ብቻ ነው። ሽማግሌው ስበር ካሉ ይሰብራል። «ስበር! ስበር! ና!»

ሰበረ። መስታወቱ ከነፍሬሙ ወደ ውስጥ ገባ። የተሳቢው ጥግ እኔና እማ ተቀምጠንበት የነበረው ቦታ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ከዚያ ጋሼ ይማም ቀስ ብለው ቀረብ አሉና የተሰባበረውን አዩ። «የዚህ አገር መስታወት ምን መስታወት ነው» አሉ።

አባቴ ምንም አልሆነም፤ አንገቱ ላይ ያለውን ስብርባሪ እያራገፈ ወረደ። መኪናው ወደፊት ሲባል ብረቱ ይጮሃል፣ ወደኋላ ሲባል ይብስበታል። መንገዱ ተዘጋ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዋር መኪና የሚያነሱ ሰዎች ጋ ደወለ፤ ለዚህ የሚሆን ማሽን ነገ ነው የሚመጣው አሉት። ይህ ሁሉ ሳያንስ የተሳቢው በር የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። አይከፈትም። አማቹ ቤት ላለማደር ከተማ አቋርጦ የጎተተው ቤት፣ አማቹ ደጅ ላይ ተቆለፈበት።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። ጋሼ ይማም ማንም ግቡ ሳይላቸው ገብተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ገንፎ ደርሷል ወይ እያሉ ነበር። አባቴ ግን በእጁ የመቀመጫውን ስብርባሪ መጥረግ ጀመረ። «እዚሁ ጋቢና ውስጥ አድራለሁ» አለ። አንዋር ጃንጥላ ይዞ በላዩ ቆመ። «ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ይግቡ።» «አንተ ግባ ልጄ፣ ሚስትህ አራስ ናት።» «እርስዎ ሳይገቡ አልገባም።» «እኔ ደህና ነኝ።» ሁለቱም በስብሰዋል። የማይወደው አማች ቢሆን እንዲህ ይለምነዋል? የማይወድ አማት ቢሆን እንዲህ ይሳሳለታል? እየሮጥኩ ገብቼ ለእማ ነገርኳት። እማ «እዚያው ይሙት» አለች፤ እጇ ግን የሚያማስለውን ትቶ ነበር። ዘሀራ ሶፋው ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ሁሉንም ሰምታለች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠመችና ተነሳች።

አራስ እኮ ደጅ አትወጣም። አርባ ቀኗ ሳይሞላ ብርድ አይነካትም፣ በር እንኳ ሲከፈት ትሸፈናለች። ዘሀራ ግን ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ዝናቡ ውስጥ እስከ መኪናው ድረስ ሄደችና ቆመች። እማ ከኋላ «ኧረ ልጄን! ኧረ ያ ረቢ፣ አራስ ናት!» እያለች ትጮሃለች። አንዋር ጃንጥላውን ወዴት እንደሚያዞር ጠፋው።

«አባ» አለች ዘሀራ። «ትገባለህ ወይስ እኛም እዚህ እንደር?»

አባቴ ምን እንዳደረገ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ጃኬቱን አውልቆ ጣለባት፣ በአንድ እጁ እሷን በሌላው ሕፃኑን አቅፎ እየሮጠ አስገባቸው። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። በሩን ዘግቶ፣ እማ ዘሀራን በፎጣ ማድረቅ ስትጀምር፣ ያኔ ነው ቀና ብሎ የት እንደቆመ ያየው። አማቹ ቤት፣ መሀል ወለል ላይ፣ በጭቃ ጫማ። ሊወጣ ዞረ። ዘሀራ «አንዋር፣ ክፍሉን አሳየው» አለች።

አንዋር በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከፈተ። አልጋው ተነጥፏል። መስገጃው ወደ ቂብላ ዞሮ ተዘርግቷል። ከአልጋው ሥር በአባቴ ልክ የተገዛ ነጠላ ጫማ አለ፣ አንድም ቀን ያልተረገጠ። ብርድ ልብሱ ከላስቲኩ አልወጣም። «ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ የእርስዎ ነው» አለ አንዋር፤ እንደ ልማዱ መሬት እያየ። «ዘሀራ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርጋለች። ሌላ እንግዳ አላሳደርንበትም።»

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን አዲስ ነጠላ ጫማ አንስቶ ጀርባውን ሰጠን። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ልናደድበት አልቻልኩም። ኋላ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «አንዋር፣ የእጅ ውሃ አምጣልኝ» አለ። ያን ምሽት የአማቹን ቤት ገንፎ ከጋሼ ይማም እኩል በላ፤ ዘሀራ እየበላ እያየችው ታለቅስ ነበር። ልጁንም ኢድሪስ አለው። ማሽኑ በማግሥቱ መጥቶ ተሳቢውን አነሳው፣ መስታወቱም ተገጠመ፤ አባቴ ግን «ብረቱ ገና አልተስተካከለም» እያለ አርባው ቀን እስኪሞላ እዚያው ከረመ።

ጊዜው ሄደ። ጋሼ ይማምን አላህ ይማራቸው። ተሳቢው ተሽጦ የት እንደገባ አላውቅም። ያ ሕፃን ዛሬ ጢም አውጥቶ መኪና ይነዳል። አባቴ የዘሀራ ቤት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይከርማል፣ ሾርባው ጨው የለውም ብሎ እስከ መቆጣት ደርሷል። አማች ቤት አይታደርም የሚባል ነገር ተረስቷል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አግብቼ ፓክንሃም፣ የባቡሩ መጨረሻ ላይ ቤት ስይዝ ግን ሕጉ እንደገና ተነስቶ ቆመ። አሁን ዓይኑ ደክሞ መኪና ስለማይነዳ ሁለት ባቡር ቀይሮ ይመጣል። ምሳ ይበላል፤ ያችን አሻሽሏል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሲል ይነሳል። «እደር እንጂ» ስለው «ዘሀራ ቤት ያደርኩት ስለተሰበረብኝ ነው» ይለኛል። እኔና ከድርን ደግሞ አላህ ልጅ አልሰጠንም። አራስ ሆኜ አልተኛ፣ እማ አርባ ቀን ልታርሰኝ ዕቃዋን ሸክፋ አትመጣ። የዚያ ዘመን ልጆች የነበርን ሁሉ አባቶቻችንን ያስገባናቸው በልጆቻችን ነው፤ ልጅ የሌለው ሰው በምን ያስገባል ብሎ የጠየቀ የለም።

ባለፈው ክረምት አባቴ መጣና እንደ ልማዱ ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ውጭ ይዘንባል። ከድር ጣቢያ ሊያደርሰው የመኪና ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ያን ሁሉ ዓመት የዋጥኩት አፌ ላይ መጣ።

«አባ» አልኩት። «ዘሀራ ሕፃን ይዛ ዝናብ ላይ ስትቆም ገባህላት። እኔ ምን ይዤ ልቁም?»

የጫማው ማሰሪያ እጁ ላይ ቀረ። ቀና አላለም። ከድር «ተይው፣ ሰሚ» አለኝ በለሆሳስ። አባቴን ወገቡን ያመመው መስሎኝ ልደግፈው ተጠጋሁ። ከዚያ አንደኛውን ጫማ ፈታ። ሁለተኛውንም ፈታ። ጎን ለጎን ግድግዳው ሥር አስቀመጣቸውና ወደ ባሌ ዞረ።

«ከድር፣ ልጄ» አለ። «ማደሪያ ሽርጥ አልያዝኩም። ትርፍ ይኖርሃል?»

ከድር ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ ሮጠ። ያለውን ሽርጥ በሙሉ ታቅፎ መጣ።